መተኮሻ ክፍል የተሰቀለው ቃል

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ግማሽ ቀን በአንድ ቃል ስንጨቃጨቅ ዋልን። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠርቶ ከባሕር ማዶ ከመጣ አሰልጣኝ ጋር አስተዋወቀኝ። የአሰልጣኙ ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ሲናገር መዳፎቹን ያጋጥማል። የፋብሪካችንን ልብስ ሰፊዎችና በካውያ ተኳሾች ሊያሠለጥን ነው የመጣው። የሥልጠናው ስም በእንግሊዝኛ «ካልም» ነው። በየክፍሉ ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ከእንግሊዝኛው ሥር በእኛ ቋንቋ ይጻፋል። «አንድ ቃል ስጪኝ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ከቋንቋችን የሚያውቀው «እሺ» እና «ቶሎ» የሚሉትን ብቻ ስለሆነ ለሌላው ሁሉ አስተርጓሚው እኔ አለሁለት።

አንድ ቃል አይበቃውም አልኩት። ስለ ሰው ከሆነ መረጋጋት ነው። ስለ ባሕር ከሆነ ማዕበል አለመኖር ነው። ስለ አየር ከሆነ ነፋስ የሌለበት ነው። እናት የሚያለቅስ ልጇን ካልም አደረገችው ከተባለ ደግሞ አባበለችው ማለት ነው። ሁሉንም በወረቀት ጻፍኩለት። እሱ ትርጉሙን መች ጠየቀኝ? የትኛው አጭር እንደሆነ ለማየት ዓይኑን ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ ቆይቶ «ዝምታ» ላይ ጣቱን አሳረፈ። እሱን የጻፍኩት አይሆንም ለማለት ነበር። «ይሄ አፍ መዝጋት ማለት ነው» አልኩት።

«ታዲያ ቢዘጉ ምን ችግር አለው?» ብሎ ሳቀ። አሰልጣኙም አብሮ ሳቀ።

በመጨረሻ «እርጋታ» እንዲባል አስማማሁ። ይህን ያህል እንኳ የተረፈው እኔ ስላለሁ ነው። ስንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ የቃል ርዝመት የሚለካብኝ ሰው ፊት ልቆም።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ታናሽ እህቴ ከሥራ ስትመጣ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። በሩን እንደከፈተች መሬት ላይ ተዘረጋች። መተኮሻ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ያስቀጠርኳትም እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ እርጋታሽን ሰቀሉት» አለችኝ ተኝታ።

«የት?»

«አንዱ ቬንትሌተር የነበረበት ቀዳዳ ላይ። ልክክ ብሏል።»

ሁለቱንም ቬንትሌተር ነቅለዋቸዋል። የክር ብናኝ እያነሱ ነጭ ሸሚዝ ላይ ያሳርፋሉ፣ ገዢዎቹም ቅሬታ አቅርበዋል ተብሎ ነው። በዚህ ሙቀት፣ ያ ሁሉ ካውያና ያ ሁሉ እንፋሎት ባለበት ክፍል። እናቴ ፎጣ አርጥባ እየሰጠቻት «አንቺ ለአለቃሽ አትነግሪውም?» አለችኝ። የኔ ሥራ መተርጎም እንጂ ቬንትሌተር መትከል አይደለም። ይሄንን እማዬ ይገባት አይመስለኝም። ደግሞ ማን ነው የእኔን ቃል ቀዳዳ መድፈኛ ያደረገው? ተናድጃለሁ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሥልጠናው በተኳሾቹ ተጀመረ። ሥራ ሳይቆም፣ ካውያዎቹ እንደሞቁ፣ ሴቶቹ በየቦታቸው ቆመው። እኔ አሰልጣኙ አጠገብ ቆሜ እተረጉማለሁ። ክፍሉ ውስጥ ገና አሥር ደቂቃ ሳልቆይ መነጽሬ ጭጋግ ለበሰ።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ። በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ። ጸጥ ያለ ባሕር አጠገብ እንደቆማችሁ አስቡ።»

ተረጎምኩ። ከወዲያ ጥግ «ባሕሩ መፍላቱን ንገሪው» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጮ ናት። ከተኳሾቹ ሁሉ ረዥም ጊዜ የቆየችው እሷ ናት፤ ከቅጥነቷ የተነሣ ነው ስሙ የወጣላት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሱፐርቫይዘራቸው፣ ፉጨት የሚሏት፣ በጥርሷ መካከል አንዴ ስታፏጭ ሁሉም ጎንበስ አሉ። አሰልጣኙ ምን አሉ ብሎ ሲጠይቀኝ «ደስ ብሏቸዋል» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል? ሰውዬው እንግዳ ነው።

እህቴ ወደኔ ዞራም አላየችም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ቀጮ ራሷን ስታ ወደቀች። ክሊኒክ ወስደው ውሃ አጠጥተው መለሷት። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነበረች። ነርሷ «ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው» አለች። እህቴ ደግሞ በልታለች፣ አብረን ነው የበላነው ትላለች። ማንን ልመን? ስብሰባ ተጠርቻለሁ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ተኳሾቹ ሦስት ሴቶች መርጠው ወደ ሥራ አስኪያጁ ላኩ፤ ቀጮ፣ እህቴና አንዲት ነፍሰ ጡር። ቆመው ነው የተናገሩት፤ ተቀመጡ ያላቸው የለም።

ቀጮ ብዙ ተናገረች። ቬንትሌተሩ ይመለስ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ካውያውን አጥፍተን ጥቂት እንረፍ፣ ይህቺ ልጅ እርጉዝ ናት፣ ባለፈው እኔ ስወድቅ ፊቴ ካውያው ላይ ያላረፈው በአንድ ስንዝር ነው፣ ቀጥሎ የሚወድቀው ሰው እንደኔ ዕድለኛ ላይሆን ይችላል፤ እኛ ሰው ነን፣ ይህንን ንገሪልን አለች።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ነበር። ቁጣው ቅርብ እንደሆነ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አሳጠርኩት። ትንሽ ሞቆናል፣ ቢቻል ቬንትሌተሩ ቢታሰብበት ይላሉ አልኩት። በጨዋ ደንብ ሲቀርብለት ይሰማል ብዬ ነው። የኔ ብልሃት ማንም ላይ ጉዳት አላመጣም።

እሱ ግን ምን አለ? «ካልም እንዲሆኑ ንገሪያቸው። ሥልጠናው የተሰጠው ለዚህ አይደል?»

ከዚህ በላይ ድፍረት አለ? በሰው ላብ እየቀለደ። «እንነጋገርበታለን፣ እስከዚያ ተረጋጉ» ብዬ ተረጎምኩላቸው። ሲወጡ ቀጮ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ሙቀቱ በየቀኑ እየባሰ ነው። ቢሮ ያለው ማቀዝቀዣ ደግሞ ከልክ በላይ ነው፤ ትከሻዬን ስላመመኝ ሻርፕ ይዤ መሄድ ጀምሬያለሁ። ለጥገና ክፍሉ አመልክቼ በነጋታው መጥተው አስተካከሉልኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰፊዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «እሷማ ምን ጎደላት፣ ሻርፕ ለብሳ ትውላለች።» ዞሬ ሳያቸው ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ስል ስንት ቃል እንደዋጥኩ ቢያውቁ። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ቤት ስገባ ለእህቴ ነገርኳት። «እና ውሸት ነው?» አለችኝ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

እህቴ ተቃጠለች።

ቀትር ላይ። የሸሚዝ ኮሌታ የሚተኩሰው ፕሬስ ላይ ነበረች። ራሷ ዞሮባት ወደ ፊት ስትደፋ የግራ እጇ ከላይኛው ብረት ሥር ገባ። ቀጮ ናት ፔዳሉን ረግጣ ያስለቀቀቻት። እኔ ቢሮ ነበርኩ። ጩኸቱን ሰምቼ ማሽን የተሰበረ መስሎኝ ነበር።

ሆስፒታል ነን። እማዬ መጥታለች። አላለቀሰችም። ለምን አታለቅስም?

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ሥራ አስኪያጁ ሆስፒታል ድረስ መጣ። አበባ ይዞ። እህቴ በመድኃኒት ተኝታ ስለነበር ኮሪደር ላይ አነጋገረኝ። አዝኛለሁ አለ፤ የሕክምናውን ወጪ ፋብሪካው ይሸፍናል አለ። ቀጥሎም፣ በዚያው ድምፅ፣ አደጋው የደረሰው ሠራተኛዋ ካልም ስላልነበረች ነው አለኝ። ሥልጠና ተሰጥቷታል፣ አልተጠቀመችበትም፤ ቢሮው የሚያውቀው ይህንን ነው። «ስትነቃ በቋንቋዋ አስረጃት፣ አንቺን ትሰማለች።»

እህቴን። በገዛ እህቴ ላይ እኔን አስተርጓሚ ሊያደርገኝ።

አበባውን ከእጁ ተቀብዬ ኮሪደሩ ላይ መስኮት ደፍ ላይ አኖርኩትና ወጣሁ። እግሬ ወዴት እንደሚወስደኝ ሳላውቀው ድሮ አስተምርበት ከነበረው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ደረስኩ። እዚያ የቃላትን ዘር ከነምንጩ የሚናገር ትልቅ መዝገበ ቃላት አለ። ይህንን ሰውዬ በራሱ ቃል መርታት ፈለግሁ። ቃሉ የሱ ነው? ማን ሰጠው?

አገኘሁት። ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ወንበር መሳብ አልታወሰኝም። እንግሊዝኛው ቃሉን የወሰደው ከፈረንሳይ ነው፣ ፈረንሳዩ ከጣልያን። ጣልያኑ ደግሞ ከቆየ ላቲን፣ ላቲኑም ከግሪክ። ግሪኩ ጋ ሲደርስ ትርጉሙ ጸጥታ አይደለም፣ እርጋታም አይደለም። ትኩሳት ነው፤ የሚያቃጥል የቀትር ሙቀት። ከዚህ ግንድ ማቃጠል የሚለው ግስ አለ፤ ሥጋ የሚበላ ኬሚካል በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስምም የወጣው ከዚያው ነው። ታዲያ ሙቀቱ እንዴት ጸጥታ ሆነ? ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሰው ሥራውን ትቶ ጥላ ይገባል፣ ከብቱ ይተኛል፣ ነፋሱም ይቆማል። የሙቀቱ ስም ሙቀቱ ላስከተለው እረፍት ተሰጠ። ከጊዜ ብዛት ሙቀቱ ተረሳ፣ ጸጥታው ብቻ ቀረ። አዋቂዎቹ መንገዱን ሁሉ አንድ በአንድ እንደማያረጋግጡት ጽፏል፤ ግን ብዙዎቹ የሚስማሙት በዚህ ነው።

ስድስት ዓመት ሳስተምረው ይህንን አላውቅም ነበር። ተናድጄ ሳቅሁ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ ቀና ብላ አየችኝ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

እህቴ ነቅታለች። እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። ሥራ አስኪያጁ ያለውን ነገርኳት፤ ደብቄ የት እደርሳለሁ። ቀጥዬ መዝገበ ቃላቱን ነገርኳት። ያስቃታል ብዬ ነበር።

ጣሪያውን እያየች ሰማችኝ። «ማለት ድሮ ቃሉ ሁለት ነገር ነበረው፤ ሙቀትና እረፍት።»

«አዎ።»

«እነሱ ሙቀቱን ሰጥተውናል። እረፍቱስ የት ሄደ?»

ቀጮ በአልጋው ግርጌ ቆማ ነበር። ከሺፍት ወጥታ በቀጥታ ነው የመጣችው። «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩላት። «በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው? በእነሱው መጽሐፍ?» አለች። አዎ አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ዛሬ የሆነውን ባላይ አላምንም ነበር።

ቀትር ላይ መተኮሻ ክፍል ያሉት ካውያዎች ሁሉ ጠፉ። ሴቶቹ አልጮኹም፣ አልወጡም። ግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀመጡ፣ እግራቸውን ዘረጉ። ፉጨት ብታፏጭ ብታፏጭ የሚነሣ ጠፋ። በመጨረሻ እሷም ደክሟት ከእነሱ ጋር ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ እኔን አስከትሎ እየሮጠ ሲደርስ ቀጮ በጣቷ ሰሌዳውን አሳየችው።

«ካልም» አለችው በእንግሊዝኛው። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ሥልጠናውን ተግባራዊ እያደረግን ነው በይው። የቃሉን ዘርም አጣርተናል።»

ይህን ጊዜ አላሳጠርኩም። የግሪኩን፣ የቀትሩን፣ የጥላውን ሁሉ ነገርኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አድማ ነው» አለና ስልኩን አወጣ። ለከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ደውሎ አድማው ሕገ ወጥ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ይላክልኝ አለ። ራሱ ነው የጠራቸው። ማንም አላስገደደውም።

እሱ ሲሄድ ቀጮ አጠገቧ እንድቀመጥ መሬቱን መታ መታ አደረገችልኝ። ተቀመጥኩ።

«ዛሬ ብዙ ተናገርሽ» አለችኝ።

«ያልሽውን ነው የነገርኩት።»

«ያኔ ቢሮ የገባን ቀን እኔ ያን ሁሉ ለፍልፌ አንቺ በሁለት ቃል ጨረስሽው። እንግሊዝኛ አጭር ቋንቋ መስሎኝ ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቀጮም ሳቀች፤ ተንኮል አልነበረበትም። እኔ ግን እስካሁን ፊቴ ያቃጥለኛል። ያኔ ያንን ያህል ተጠንቅቄ ባልናገር ኖሮ በዚያው ቀን ነበር የሚባረሩት። ይህንን የሚቆጥርልኝ የለም። ተርጓሚ ሁልጊዜ ተወቃሽ ነው።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የተላከችው ተቆጣጣሪ መጣች። አጭር፣ ጠና ያለች፣ ጥያቄ ስትጠይቅ ራሷን ዘንበል የምታደርግ ሴት ናት። ሥራ አስኪያጁ ማቀዝቀዣ ያለበት የስብሰባ ክፍል ውሃና ወንበር አዘጋጅቶ ነበር። «መጀመሪያ ቦታውን ልየው» አለች።

መተኮሻ ክፍል ገብታ መሐል ላይ ቆመች። ካውያዎቹ እንደወትሮው ይሥሩ አለች። ተጀመረ። እሷ ምንም ሳትናገር ቆማ ቀረች፤ እሱም መውጣት አልቻለምና አጠገቧ ቆመ። ጥቂት እንደቆየን የሸሚዙ ብብት ረጠበ፣ ክራቫቱን አላላ። ተቆጣጣሪዋ ሰሌዳውን አየች፣ ከኋላው ቀዳዳ እንዳለ አየች፣ አውርዱት አለች። ሲወርድ ከቀዳዳው የገባው አየር የሴቶቹን ሻሽ አርገበገበ።

«ለምን ተነቀለ?» ስትል ጠየቀች።

ስለ ብናኙ ተናገረ፤ ተረጎምኩ።

«ሴትዮዋ የተቃጠለችው ከተነቀለ በኋላ ነው?»

እዚህ ላይ ነው ሥራ አስኪያጁ ወደኔ ዘንበል ብሎ በዝግታ የተናገረው። «እነዚህ ሴቶች ለሙቀት የተፈጠሩ ናቸው። ጠግበው ነው። ይህንን አትተርጉሚ፣ አንድ የሚሆን ነገር በያት።»

ተቆጣጣሪዋ ራሷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቀኛለች። ሴቶቹ ካውያ ይዘው ቆመዋል። የሚሆን ነገር ስል ስንት ጊዜ ቆይቻለሁ፤ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ መጥቶም ነበር። እህቴ ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። የኮሌታው ፕሬስ ባዶውን ቆሟል።

«ለሙቀት የተፈጠሩ ናቸው፣ ጠግበው ነው ብሏል» አልኳት። «ቀጥሎም፣ ይህንን አትተርጉሚ፣ አንድ የሚሆን ነገር በያት ብሏል።»

ሥራ አስኪያጁ ያልኩት ባይገባውም ከሴቶቹ ፊት አነበበው። ተቆጣጣሪዋ መጻፏን ሳታቆም «እርስዎ የቅርብ ዘመድ ነዎት?» አለችኝ።

«የተቃጠለችው እህቴ ናት።»

«ያንንም እጽፈዋለሁ። ይቀጥሉ።»

ቀጠልኩ። ሴቶቹ ተራ በተራ የተናገሩትን፣ አንድ ቃል ሳልጥል።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ቬንትሌተሮቹ እንዲመለሱ፣ ቀትር ላይ እረፍት እንዲሰጥ፣ ፕሬሶቹም እጅ ሲገባባቸው የሚቆሙበት መከላከያ እስኪገጠምላቸው እንዲዘጉ ታዘዘ። የእህቴ አደጋ የፋብሪካው ጥፋት ተብሎ ተመዘገበ። ሴቶቹ ለእረፍቱ «ካልም» የሚል ስም አውጥተውለታል አሉ። «ካልም ደረሰ» ይባባላሉ። አሰልጣኙ ይህንን ሳያይ አገሩ ገብቷል።

እኔን የሰው ኃይል ክፍል ጠራኝ። የአስተርጓሚነት ቦታው ታጥፏል፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቋንቋውን ሊማር ነው አሉኝ። በሁለት ቃሉ። ሻርፔን ወንበር ላይ እንኳ ሳልረሳ ሰብስቤ ወጣሁ። ከቢሮ ሠራተኞቹ መካከል ተነሥቶ እጄን የጨበጠ የለም። እስከ ትናንት የሁሉንም የፈቃድ ማመልከቻ የማርምላቸው እኔ ነበርኩ። የጥበቃ ሹሙ ብቻ በሩን ከፍቶ «አይዞሽ መምህር» አለኝ። መምህር ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

የእህቴ ፋሻ ተፈታ። ቆዳው ሮዝና የሚያብረቀርቅ ነው። የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ አይታጠፉም። ሐኪሙ በልምምድ ይላላ ይሆናል አለ፤ ሲናገር የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ከሆስፒታል እንደመለስኳት እማዬ አልጋ ላይ አስተኛቻት፣ ከዚያ ጎረቤት ሄደች። እኔ ስለ ሥራ አስኪያጁ ማውራት ጀመርኩ። እንዴት ያለ ሰው ነው፣ አበባ ይዞ መጥቶ፣ የሰውን እጅ በልቶ አሁንም በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቅጣቱ ይኼ ብቻ ነው? ተቀምጬ መናገር ስላልቻልኩ ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ነበር።

እህቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እትዬ፣ ያኔ ሦስታችን የገባን ቀን፣ ቀጮ ቀጥሎ የሚወድቀው ሰው ያለችውን ነግረሽው ነበር?»

«እሱ የሚሰማ ሰው መሰለሽ? ሰዓቱን ነበር የሚያየው።»

«ነግረሽው ነበር ወይ ነው ያልኩሽ።»

«በሚሰማው መንገድ ነገርኩት» አልኳት። «ሙሉውንም ብነግረው ያው ነበር። አንቺ አታውቂውም፣ እኔ ነኝ የማውቀው።»

የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ ብትጮህ መልስ ነበረኝ። አልጮኸችም። ቀና ብላ ተቀመጠችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ጸጉሬን እሰሪልኝ» አለች። «ባንድ እጅ አቃተኝ።»

ከኋላዋ ተቀምጬ ጸጉሯን ሰብስቤ ያዝኩ። በመስኮቱ ነፋስ አይገባም፤ ከሰዓት ነው፣ ሰፈሩ ጭር ብሏል። እየላላብኝ ሁለት ጊዜ ፈታሁት።

«ጠበቅ አድርጊው» አለችኝ።

ጠበቅ አደረግሁት።